የማይከዳ ወዳጅ

ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ዛሪማ የሚወርደው መንገድ የሊማሊሞን ገደል ተጠማዝዞ ከጨረሰ በኋላ ድብ ባሕርን ያገኛል። ዛሬ በዚህ መንገድ መኪና ይመላለስበታል፤ ገደሉን ፈልፍለው ጠመዝማዛውን ያወጡትም ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ግን ከምፅዋና ከትግራይ በዚህ በኩል ወደ ጎንደር የሚጓዘው ነጋዴ ዳገቱን በእግሩ ይወጣው ነበር። ከዳገቱ ሥር የደረሰ መንገደኛ ብቻውን ከሆነ ጓደኛ እስኪያገኝ መጠበቁን ይመርጣል። ምክንያቱም ፍርሀት ብቻ አይደለም። አጋሰስ ጭኖ የሚያውቅ ሰው እንደሚመሰክረው፣ ጭነት በአንድ ሰው እጅ አይጫንም። አንዱ በቀኝ ሌላው በግራ ሆነው እኩል ካላነሡት ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ በዳገት ላይ ያዘነበለ ጭነትም እንስሳውን ይዞ ገደል ይገባል። ስለዚህ መንገደኛው ትናንት ከማያውቀው ሰው ጋራ ይተዋወቃል፤ ስንቁን ይፈታል፤ አብሮ ይቆርሳል። ባልንጀራ የሚለውን ቃል ብዙ ሰዎች «ባለ እንጀራ» ከሚለው ያወጡታል። የቃሉ ምንጭ በእርግጥ ይህ ይሁን አይሁን ለሰዋስው ሊቃውንት እንተወው፤ ሐሳቡ ግን ከዳገቱ ሥር ለተቀመጠው ሰው እንግዳ አይደለም። ወዳጅነት የሚወለደው ከጉድለት ነው። አንዱ ሰው ብቻውን የማይበቃ በመሆኑ ሌላውን ይፈልጋል።

ይህን ነገር ያነሣሁት አንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ ካነበብሁ በኋላ ነው። መጽሐፉ «ክላራና ፀሐይ» ይባላል። ደራሲው ካዙኦ ኢሺጉሮ በ1954 እ.ኤ.አ. በናጋሳኪ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋራ ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ ያደገ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. በሥነ ጽሑፍ የኖቤል ሽልማት የተቀበለ ሰው ነው። መጽሐፉ የታተመው በ2021 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ገና ስላልመጣ ነገር ግን ደጃፍ ላይ ስለ ቆመ ዘመን ይተርካል። በዚያ ዘመን ባለጸጋ ወላጆች የልጆቻቸውን የተፈጥሮ ዘር በሕክምና ጥበብ አስለውጠው አእምሯቸው ከሌላው ልጅ እንዲልቅ ያደርጋሉ። ሕክምናው አንዳንዱን ልጅ ያሳምማል፤ አንዳንዱንም ይገድላል። ልጆቹ ትምህርት ቤት አይሄዱም፤ በየቤታቸው ተዘግተው በመስታወት ሰሌዳ ይማራሉ። ብቸኝነታቸውንም እንዲያስታግሥላቸው ከሱቅ ወዳጅ ይገዛላቸዋል። ይህ የሚገዛው ወዳጅ በሰው አምሳል የተሠራ መኪና ነው፤ ያያል፣ ይሰማል፣ ያስባል፣ ይናገራል። እህልም አይበላ፤ የሚኖረው በፀሐይ ብርሃን ነው።

ታሪኩን የምትነግረን ራሷ መኪናዪቱ ክላራ ናት። በሱቁ መስኮት ቆማ ሳለች ጆሲ የምትባል በሽተኛ ልጅ አይታት ወደደቻትና «ተመልሼ እወስድሻለሁ» ብላ ቃል ገባችላት። ልጅቱ ቆየች። በመካከሉ ሌላ ልጅ መጥታ ልትገዛት ስትል ክላራ ፊቷን አዞረች። የሱቁ ኀላፊ ሴትዮ ልጆች ሁልጊዜ ቃል እንደሚገቡና ብዙውን ጊዜም እንደማይመለሱ ነግራ ገሠጸቻት። ጆሲ ግን መጣች፤ ወሰደቻትም። ከዚያ በኋላ ክላራ ለጆሲ ያላደረገችው ነገር የለም። የልጅቱ ሕመም በጠና ጊዜ ፀሐይን እንደ አምላክ ቈጥራ ትለምናለች፤ ከራሷ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ቀንሳ ሳይቀር፣ አየሩን በጢስ የሚበክለውን መኪና ለማበላሸት ትሠዋዋለች። ጆሲ ዳነች። ባደገችም ጊዜ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ሄደች። ክላራም ያገለገለ ዕቃ በሚጣልበት ሜዳ ላይ ተጣለች፤ እዚያም ተቀምጣ ያለፈውን እያስታወሰች ቀስ በቀስ ትከስማለች። ቂም የላትም። አንዲት ክፉ ቃልም አልተናገረችም።

መጽሐፉን ዘግቼ ራሴን የጠየቅሁት ጥያቄ ይህ ነበር። ክላራ ጆሲን ልትከዳት አትችልም፤ የተሠራችው እንዲያ ሆና ነው። መክዳት የማይችል ወዳጅ ታማኝ ነው ይባላልን? ታማኝ ካልተባለስ ወዳጅ ይባላልን?

አንዳንዱ አንባቢ ይህ የሩቅ አገር ተረት ነው፣ ለእኛ ምናችን ነው ይል ይሆናል። ነገሩ ግን ተረት መሆኑ ካበቃ ቆይቷል። በ1966 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ዋይዘንባውም የሚባል በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህር፣ ሰው በጽሑፍ ሲያነጋግረው በጽሑፍ የሚመልስ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይፋ አደረገ፤ ስሙንም ኤላይዛ አለው። ፕሮግራሙ አንዳች የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ የተነገረውን እየገለበጠ መልሶ በጥያቄ መልክ ያቀርብ ነበር እንጂ። ፕሮግራሙ ሲሠራ ለወራት ያየችው የመምህሩ ጸሐፊ እንኳ ጥቂት ከተነጋገረችው በኋላ ሰውየውን ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። ምስጢሯን ለብቻዋ ልታወራ ፈልጋ ነበር። ዋይዘንባውም በዚህ እጅግ ደነገጠ፤ ከዚያ በኋላም የራሱን ሥራ አጥብቆ የሚተች ሰው ሆነ።

በአገራችንም ቢሆን ሶፊያ የተባለችው ሮቦት በ2010 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ መጥታ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋራ መገናኘቷ ይታወሳል። በሶፊያ ሶፍትዌር ላይ የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ወጣት ባለሙያዎች ተሳትፈውበታልና ነገሩ ለእኛም የቤት ሥራ ነው። (በመንገድ ላይ ሳለች ከፊል አካሏ ያለበት ሻንጣ በአውሮፓ አውሮፕላን ጣቢያ ጠፍቶ ነበር። ሰው ቢሆን ኖሮ ሻንጣ እንጂ አካል አይጠፋበትም ነበር ብሎ የቀለደ ሰው ሰምቻለሁ።)

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የዩጂንያ ኩይዳ ታሪክ ነው። ይህች ሩስያዊት ሴት በ2015 እ.ኤ.አ. የቅርብ ወዳጇን በመኪና አደጋ አጣች። ወዳጇ በሕይወቱ ሳለ የጻፋቸውን መልእክቶች ሰብስባ፣ እንደ እሱ የሚመልስ ፕሮግራም አሠራችና ታነጋግረው ጀመር። ከዚያም ልምድ ተነሥታ ሬፕሊካ የተባለውን፣ ለሚሊዮኖች ወዳጅ የሚሆን ፕሮግራም አወጣች። በየካቲት ወር 2023 እ.ኤ.አ. ኩባንያው የፕሮግራሙን ጠባይ በለወጠ ጊዜ ብዙ ሰዎች ወዳጃቸው በአንድ ሌሊት ሌላ እንደ ሆነባቸው ገልጸው እንደ ኀዘንተኛ አለቀሱ። የሚነጋገሩት ወዳጅ የእነርሱ አልነበረም፤ የባለቤቱ ነበር።

እስኪ አሁን ለክላራ እንከራከርላት። ተከራካሪው እንዲህ ይላል፦ ልጆቿ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ዓረብ አገር፣ አንዱ አሜሪካ የቀሩባት አሮጊት በቤቷ ብቻዋን ተቀምጣ ስትመሽ፣ የሚያነጋግራት ድምፅ ብታገኝ ምን ክፋት አለው? የእንግሊዝ መንግሥት በ2018 እ.ኤ.አ.፣ የጃፓን መንግሥትም በ2021 እ.ኤ.አ. ብቸኝነትን የሚከታተል ሚኒስትር እስከ መሾም ደርሰዋል። ጃፓኖች የአቆስጣ ግልገል የመሰለች ፓሮ የተባለች መሣሪያ ሠርተው ትዝታቸው ለደከመ ሽማግሌዎች ይሰጣሉ፤ ሽማግሌዎቹም እያሻሹ ይጽናናሉ። ሰው የሌለውን ሰው «እውነተኛ ወዳጅ ካልሆነ አይሁን» ብሎ ከብቸኝነት ጋራ መተው ፍልስፍና ሳይሆን ጭካኔ ነው።

ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፤ እኔም በበኩሌ አሮጊቲቱን ያንን ድምፅ ልከለክላት አልደፍርም። የሚያጽናናት ነገር ያጽናናት። ዳሩ ግን ክርክሩ አንድ ነገር ደብቋል። ድምፁን የገዛላት ማን ነው? ልጇ ነው። ልጇ ድምፁን ከገዛላት በኋላ ቀድሞ በሳምንት ይደውል የነበረው በወር ቢያደርገው፣ መሣሪያው ያጠፋው የአሮጊቲቱን ብቸኝነት ነው ወይስ የልጁን የኅሊና ወቀሳ? በልብ ወለዱም ክላራን የገዛች እናትየው እንደ ሆነች እናስታውስ። እናቲቱ አስቀድማ ሌላዋን ልጇን ሳል የምትባለውን በዚያው ሕክምና ቀብራለች። ጆሲም ብትሞትባት ካፓልዲ የተባለው ባለሙያ የጆሲን መልክ የያዘ አካል ሠርቶ፣ ክላራ በውስጡ ገብታ ጆሲን ሆና እንድትኖርላት በስውር አሰናድታለች። ወዳጅ ተብላ የተገዛችው መኪና ለካ የኀዘን ማምለጫ ናት።

አርስጣጣሊስ ስለ ሥነ ምግባር ከጻፋቸው ዐሥር ክፍሎች ሁለቱን ሙሉ በሙሉ ለወዳጅነት ሰጥቶታል። ሦስት ዓይነት ወዳጅነት አለ ይላል፤ ለጥቅም፣ ለደስታ፣ ስለ ባሕርይ መልካምነት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጥቅሙ ወይም ደስታው ሲያልቅ ያልቃሉ። ሦስተኛው አንዱ ለሌላው በጎውን ስለ ራሱ ስለ ወዳጁ ብሎ የሚመኝበት ስለ ሆነ ይጸናል። በዚህ ሚዛን ብንመዝናት ክላራ ከብዙዎቻችን ትበልጣለች፤ ለጆሲ የተመኘችው ሁሉ ስለ ጆሲ ነውና። ነገር ግን አርስጣጣሊስ አንድ ነገር ጨምሯል፤ መልካም ምኞቱ ከሁለቱም ወገን መሆን አለበት፣ ይህንንም ሁለቱም ማወቅ አለባቸው ይላል። ጆሲ ለክላራ በጎ ልትመኝላት የምትችለው ምንድን ነው? ክላራ አትራብም፣ አትታመምም፣ የምትሄድበትም ሌላ ስፍራ የላት። በድብ ባሕር ዳገት ሥር ያለውን ጭነት እናስብ፤ በአንድ ወገን ብቻ የተነሣ ነው።

ከዚህም የሚከፋ ጉድለት አለ። የሳኦል ልጅ ዮናታን ለዳዊት ያደረገውን የማያውቅ የለም። አባቱ ንጉሥ ነው፤ ዳዊትም የሚገደል ሰው ነው። ዮናታን አባቱን እምቢ ብሎ ለወዳጁ ምስጢሩን አስታወቀው፤ በዚህም ምክንያት ሳኦል በልጁ ላይ ጦር ወረወረ። ወዳጅነት ማለት አንዳንድ ጊዜ ይህ ነው፤ ጌታህን ስለ ወዳጅህ እምቢ ማለት። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በቀበሌ ስብሰባ ላይ ሰው ቆሞ ራሱንና ባልንጀራውን እንዲያጋልጥ ይታዘዝ እንደ ነበር በዕድሜ የገፉት አንባብያን አይረሱትም። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የተናገሩ ነበሩ፤ ዝም ያሉም ነበሩ። ዝም ያሉት ሰዎች ዝምታ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ያውቁ ነበር። ዝምታቸው ወዳጅነት የሆነው መናገር ይችሉ ስለ ነበረ ነው። የተናገሩትንም በችኮላ ለመፍረድ አይገባም፤ የልጆች አባት የሆነ ሰው በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያሰበውን የሚያውቅ ራሱ ብቻ ነው።

አሁን በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሰው ሠራሹን ወዳጅ እናስቀምጠው። የነገርኸውን ሁሉ ይዟል፤ ሌሊት ያልኸውን፣ ያለቀስህበትን፣ የፈራኸውን። ባለቤቱ ሲጠይቀው ይሰጣል። ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ እምቢ የሚልበት አንዳች ነገር በውስጡ ስለሌለ ነው። ሊከዳህ የማይችለው ወዳጅ፣ ስለ አንተ ብሎ ሌላውን ሊከዳም አይችልም። ኢሺጉሮ በመጽሐፉ ይህን በግልጥ አልጻፈውም፤ ክላራ አንድም ጊዜ ከቤቱ ባለቤቶች ፈቃድና ከጆሲ ጥቅም አንዱን እንድትመርጥ ጨርሶ አልተገደደችም። ይህን ለደራሲው እንደ ጉድለት እቈጥርበታለሁ። ፈተናው ያለው እዚያ ነበርና።

ሰው ግን ያለ ወዳጅ መኖር ይችላል የሚልም አለ። የጎንደርን አውራጃ ታሪክ የሚያነብ ሰው የዘርዐ ያዕቆብን ሐተታ ያስታውሳል። የድርሰቱ ባለቤት በእርግጥ ማን እንደ ሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት ቢሆንም፣ በሐተታው እንደ ተተረከው ፈላስፋው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በአክሱም ካህን ተወንጅሎ ሸሸ፤ ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ በተከዜ ማዶ በዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ብቻውን ኖረ። በዚያ ዋሻ ከሊቃውንት ጋራ ሲኖር ከተማረው ይበልጥ እንደ ተማረ ይናገራል። ከሰው ክፋት መራቁን እንደ በረከት ቈጠረው። ይህን ያህል ጠቢብ ሰው ያለ ወዳጅ ከረካ እኛ ምን እንላለን?

ዳሩ ግን ታሪኩ በዋሻው አላለቀም። ሱስንዮስ ከሞተ በኋላ ከዋሻው ወጥቶ ወደ እንፍራዝ ሄደ፤ ሀብቱ የሚባል ባለጸጋም ተቀብሎት በቤቱ አኖረው፤ እሱም የሀብቱን ልጆች አስተማረ። ያ ሁሉ የዋሻው ሐሳብ በጽሑፍ የሰፈረው ከብዙ ዓመታት በኋላ ከተማሪዎቹ አንዱ፣ የሀብቱ ልጅ ወልደ ሕይወት፣ ስለ ለመነው ነው። ተማሪው ባይወድደውና ባይጠይቀው ኖሮ ዋሻው ያስተማረው ነገር ከባለቤቱ ጋራ ይቀበር ነበር። እኔም ስለዚህ ዋሻውን ከእንፍራዙ ቤት ነጥዬ ማሰብ አልችልም።

ወደ ክላራ ልመለስ። በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ክፍል በሜዳ ላይ የተጣለችበት አይደለም። ከጆሲ ጋራ ወደዚያ ቤት በገባች ሰሞን የጎረቤት ልጆች ለግብዣ ይሰበሰባሉ። የባለጸጎች ልጆች ስለ ሆኑና ብቻቸውን ስላደጉ፣ ከሰው ጋራ መሆንን በቀጠሮ የሚለማመዱበት ግብዣ ነው። ልጆቹ ክላራን ይከቧታል፤ አንሥተን እንወርውራትና በእግሯ ትቆም እንደ ሆነ እንይ ይላሉ። ጆሲ ከጓደኞቿ ፊት ላለማፈር ስትል ዝም ትላለች፤ እንዲያውም ከእርሷ የተሻለውን አዲሱን ዓይነት ሳልገዛ ቀረሁ ብላ ታክልበታለች። ነገሩን ያበረደው ሪክ ነው፤ ወላጆቹ አእምሮውን ያላስለወጡለት፣ ከእነዚያ ልጆች መካከል እንደ ዝቅተኛ የሚቈጠር የጎረቤት ልጅ።

ክላራ ትሰማለች፤ አትቀየምም። እንግዲህ ማን ተበደለ? የማትቀየመውን ማሽን በደልን ብሎ ማዘን ሞኝነት ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን የጆሲ ዝምታ እዚያው ክፍል ውስጥ እንደ ቀረ አላምንም። በመኪና ላይ የተለመደ ዝምታ በሰው ላይም ይቀላል። ክላራ እንኳ መጨረሻ ላይ ለሱቁ ኀላፊ ስትነግራት፣ ካፓልዲ በጆሲ ውስጥ ልዩ የሆነ ነገር አጥቶ ሊገለብጠው የተነሣው ስፍራውን ስቶ ነው፤ ያ ልዩ ነገር የነበረው በጆሲ ውስጥ ሳይሆን በሚወዷት ሰዎች ልብ ውስጥ ነው ትላለች። ይህን ያስተዋለችው መኪናዪቱ ናት። ጆሲ አላስተዋለችውም።

የተገዛ ወዳጅን ነገር ሳስብ ወደ ሊማሊሞ የሚመልሰኝ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከምፅዋ ተነሥቶ፣ አድዋን አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ ይህንኑ ዳገት ወጥቶ በየካቲት 1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገባ። ብቻውን አልነበረም። ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ተወላጅ ወጣት ሠዓሊ አብሮት ነበር። ብሩስ ይህን ሰው በ1765 እ.ኤ.አ. በደመወዝ ቀጥሮት ነበርና በዚያ አንጻር የተገዛ ጓደኛ ነው ማለት ይቻላል። ባሉጋኒ በበረሃና በባሕር፣ በሕመምና በሽፍታ መካከል ከጌታው አልተለየም። የዛፉንና የአበባውን መልክ፣ የፍርስራሹን ልክ እየሣለ፣ የመንገዱን ማስታወሻ እየጻፈ ተከተለው። በ1770 እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር ብሩስ የዓባይን ምንጭ ግሽን ባየ ጊዜም ባሉጋኒ ከጐኑ ቆሞ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ጎንደር ላይ ታሞ ሞተ።

ብሩስ አገሩ ተመልሶ በ1790 እ.ኤ.አ. አምስት ክፍል ያለው ትልቅ የጉዞ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ባሉጋኒ ወደ ዓባይ ምንጭ ከመሄዳቸው አስቀድሞ እንደ ሞተ ተደርጎ ተጻፈ። የምንጩ ክብር ለአንድ አውሮፓዊ ብቻ እንዲሆን፣ ስድስት ዓመት አብሮት የተንከራተተው ሰው ከጊዜው በፊት ተቀበረ ማለት ነው። ባሉጋኒ አልተቀየመም፤ ሙት ነውና። እንደ ክላራ ዝም አለ። ብሩስም ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ የአገሩ ሰዎች ውሸታም እያሉት፣ የተናገረው እውነት እንኳ ሳይታመንለት ኖረ። የመሰከረለት ሊሆን ይችል የነበረውን ሰው በገዛ እጁ ፍቆታልና።

ባሉጋኒ የሣላቸው የአበቦችና የዛፎች ሥዕሎች ግን አልጠፉም። ዛሬ በአሜሪካ አገር በዬል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ማእከል ይገኛሉ። በጉዞው ላይ የጻፈው ማስታወሻም ተርፎ፣ ግሽ በደረሱበት ቀን እዚያ እንደ ነበረ በራሱ የእጅ ጽሕፈት ይመሰክራል።